የሽንት ወረቀቱ የማያሳየው ጉዳት

የእህቴ ልጅ 17 ዓመቱ ነው። የስኳር ሕመም ይዞት ኢንሱሊን መውጋት ከጀመረ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ ለክትትል ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን ሲመጣ እኔ ዘንድ ያድራል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ሽንቱ በወረቀት ሲመረመር «ፕሮቲን የለም» ይባል ስለነበር፣ እኔም እናቱም ኩላሊቱ ደኅና ነው ብለን ተቀምጠን ነበር። ባለፈው ጥቅምት ግን አንዲት ሐኪም በሽንቱ ውስጥ ያለው አልቡሚን የተባለ የደም ፕሮቲን፣ ኩላሊት ከደም አጣርቶ ከሚያስወግደው ክሬቲኒን ከሚባል ቆሻሻ ጋር ተነጻጽሮ እንዲለካ አዘዙለትና 74 ሚሊ ግራም በግራም ተገኘ። ጤናማው ከ30 በታች ነው።

ወረቀቱ አልዋሸንም። በአንድ ሊትር ሽንት ውስጥ ከ150 እስከ 300 ሚሊ ግራም አካባቢ ያልደረሰ አልቡሚን በአብዛኛው አይታይበትም፤ የስኳር ሕመም ኩላሊትን መጉዳት ሲጀምር የሚያፈሰው መጠን ደግሞ ከዚያ ያነሰ ነው። ሕመም የለም፣ እብጠት የለም። እንዲያውም በመጀመሪያው ጊዜ ኩላሊቱ ከወትሮው በላይ ሊያጣራ ስለሚችል የደም ክሬቲኒን መልካም ሆኖ ይታያል።

ጉዳቱ እንዴት እንደሚጀምር ስጠይቅ የረዳኝ የእናቴ ምድጃ ነው። ኩበት በልክ ሲገባ ነበልባሉ የጠራ ነው፤ አየር እስኪያጣ ሲጠቀጠቅ ግን ቤቱ በጢስ ይታፈናል፣ ጣራውም ጥላሸት ይለብሳል። በሴል ውስጥ ስኳርን በኦክስጅን የሚያቃጥለው ማይቶኮንድሪያ የሚባለው ክፍል ነው፤ ስኳር ሲበዛበት ሱፐርኦክሳይድ የተባለ ጎጂ ውሁድ ከመጠን በላይ ይወጣና የሴሉን መከላከያ ያሸንፋል። ኦክሲደቲቭ ስትረስ የሚሉት ይህንን ነው። ብዙዎቹ የሰውነት ሴሎች በደም ውስጥ ስኳር ሲጨምር የሚያስገቡትን መቀነስ ይችላሉ፤ የደም ሥርን የውስጥ ግድግዳ የሚሸፍኑትና በኩላሊት ማጣሪያ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ሴሎች ግን በራቸውን መዝጋት አይችሉም። ማጣሪያውን እንደ ጣት አቅፈው የሚይዙት ሴሎች ከሞቱ ደግሞ ሰውነት እነርሱን የመተካት አቅሙ እጅግ ደካማ ነው። በጉርምስና ዕድሜ የእድገት ሆርሞኖች የኢንሱሊንን ሥራ ስለሚያዳክሙ፣ ስኳሩ ከፍ የሚለው ልጁ መርፌው በሚሰለቸው በዚያው ዘመን ነው።

ይህን የሰማ ዘመድ ሁሉ «እንግዲያውስ ቫይታሚን ይውሰድ» ይላል። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ነገር ግን ቫይታሚን ኢ በትልልቅ ጥናቶች ተሞክሮ ኩላሊትን አላዳነም። ጥቅሙ የተረጋገጠው ኩበቱን መቀነስ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱ በታተመው የአሜሪካና የካናዳ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 39 ዓመት የሆኑ 1,441 ሰዎች ተሳትፈው፣ ስኳራቸውን በጥብቅ በተቆጣጠሩት ላይ ይህ የመጀመሪያ ደረጃ የአልቡሚን መፍሰስ 39 በመቶ ያህል ቀንሷል። ስለዚህ የእኛ ሥራ የሦስት ወሩን አማካይ የደም ስኳር ማውረድ ሆነ። በነገራችን ላይ እህቴ የኢንሱሊኑን ብልቃጥ መስኮት ላይ ታስቀምጥ ነበር፤ የመንዝ ውርጭ ካገኘውና አንዴ ከረጋ፣ ቢቀልጥ እንኳ አይታመንም። አሁን በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች።

አንድ ውጤት ብቻውን ፍርድ አይሆንም። ትኩሳት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ከባድ ሩጫ፣ በሴቶች ላይም የወር አበባ ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል፤ ልጁም የመጀመሪያውን ናሙና ከመስጠቱ በፊት በነበረው ቀን ኳስ ሲጫወት ውሎ ነበር። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ውስጥ ከሚሰጡ ሦስት ናሙናዎች ሁለቱ ከፍ ካሉ ነው ጉዳቱ ጀምሯል የሚባለው። ምርመራው ዓይነት 1 ስኳር ላለባቸው፣ ሕመሙ አምስት ዓመት ከሞላው፣ ከ10 ዓመት ዕድሜ ወይም ከጉርምስና መጀመሪያ አንሥቶ በየዓመቱ ይደረጋል፤ ዓይነት 2 ላለባቸው ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ነው። እኛ አልጠየቅንም፤ የሚያስታውሰንም አላገኘንም።

ሁለተኛውን ናሙና በታኅሣሥ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ፣ ጋቢ እንደ ተከናነበ ሰጠ። 26 ሆነ። ሦስተኛው የካቲት ላይ ነው፤ እናቱም «ከዋዜማው ኳስ የለም» ብላ በክትትል ደብተሩ ሽፋን ላይ ጽፋበታለች።