ኤለመንቱን የበላው ውሃው ነው

በኤሌክትሪክ ዕቃ ጥገና የሚተዳደር ሰው ከኮረንቲ ቀጥሎ የሚፈራው ስሙ እንዳይጠፋ ነው። አንዴ «ደህናውን አውጥቶ ፎርጅድ ከተተበት» ከተባለ በትንሽ ከተማ ማን ይጠራዋል? አንድ ጎበዝ ልጅ በማያውቀው ነገር ይህ ስም ሊለጠፍበት ሲል ስላየሁ ነው የምጽፈው።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ካለ አንድ ፔንሲዮን ተደውሎልኝ ሄድኩ። የሻወር ቦይለሮቹ ኤለመንት፣ ማለትም ውሃውን የሚያሞቀው ብረት፣ በተቀየረ በጥቂት ወራት እየተቃጠለ አስቸግሯል። ባለቤቱ የጀመሩት ግን ከቦይለሩ አይደለም፣ ኤለመንቱን ሲቀይርላቸው ከነበረው ልጅ ነው። «አሮጌ ዕቃ እየገጠመ ጨረሰኝ» አሉ። የመጨረሻውን የእጅ ዋጋም ይዘውበታል። ልጁን አውቀዋለሁ፣ የሰው ሳንቲም የሚነካ አይደለም። በአፍ ብቻ ብከራከርለት ግን ማን ይሰማኛል ብዬ ብሬከሩን አጠፋሁ፣ ውሃውን አፈሰስኩና አንዱን ቦይለር ፈታሁት።

ኤለመንቱ አልወጣም። ዙሪያውን ነጭ ድንጋይ ለብሶ ስለወፈረ በገባበት ቀዳዳ አላልፍ አለ። ቅርፊቱን ፈልፍዬ ሳወጣው ብረቱ ከሥር ተሰንጥቋል። የታንኩም ታችኛው ክፍል በዚያው ነጭ ስብርባሪ ተሞልቷል። ዕቃው አዲስ እንደነበር ግን ያስታውቃል፤ ጽሑፉ እንኳ ገና አልጠፋም።

ጓሮ ልብስ የሚያጥቡ እናት ነበሩ። «እትዬ፣ ይሄ ውሃ ለሳሙና እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ኧረ ተወኝ ልጄ! ጉድጓዱ ከተቆፈረ ወዲህ ሳሙናው አላረፋ እያለ እጄን ጨረሰው። ነጩ አንሶላ ግራጫ ሲሆን ደግሞ የምወቀሰው እኔ ነኝ።»

ነገሩ እዚያው ተፈታልኝ። ለካ እሳቸውም እንደ ልጁ በውሃው ጥፋት ሲወቀሱ ነው የከረሙት።

የጉድጓድ ውሃ በድንጋይ መሃል ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዝየም እያሟሟ ይመጣል። በአባይ በረሃ ገደል ላይ የሚታየው፣ ደጀን አካባቢ ለሲሚንቶ የሚቆፈረው የኖራ ድንጋይ ብቻ አይደለም ይህን የሚሰጠው፤ የደጋው ጥቁር ድንጋይም ሁለቱም አሉበት። ውሃው ሲታይ ጥርት ያለ ነው፣ ቢጠጡትም በዚህ ምክንያት ጉዳት የለውም። ጣጣው ሲሞቅ ነው። ሙቀት ሲያገኝ የሟሟው ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ይረጋል (ያ ነጭ ድንጋይ እሱ ነው)፣ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሆን ደግሞ በጣም ይፈጥናል። የሚለጠፈው በጣም በሚሞቀው ቦታ ስለሆነ መጀመሪያ የሚይዘው ኤለመንቱን ነው። ያ ቅርፊት ሙቀት አያሳልፍም። ኤለመንቱ ሙቀቱን ለውሃው መስጠት ሲያቅተው በራሱ ሙቀት ይቃጠላል። የሻወር ራስ የሚደፈነው፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ማሞቂያ የሚበላሸው፣ የማኪያቶ ማሽን ቶሎ ቶሎ የሚቆመው በዚሁ ነው።

ባለቤቱ ግን በወሬ አላመኑኝም፣ አልፈርድባቸውም። ሁለት ባዶ ሃይላንድ አመጣሁ። አንዱ ላይ የጉድጓዱን ውሃ፣ አንዱ ላይ በርሜል ውስጥ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ እኩል ቀዳሁና ተመሳሳይ መጠን ያለው የደረቅ ሳሙና ፍርፋሪ ጨመርኩባቸው። (በዱቄት ሳሙና እንዳትሞክሩት፣ እሱ በእንዲህ ያለ ውሃም ስለሚያረፋ ያሳስታል።) ከዚያ ራሳቸው እንዲያናውጡት ሰጠኋቸው። የዝናቡ አረፋ እስከ አፉ ሞላ። የጉድጓዱ እንደ አይብ ውሃ ደፈረሰና ላዩ ላይ ዝቃጭ ብቻ ተንሳፈፈ። ጋሼ ጠርሙሶቹን እያገላበጡ ብዙ ቆዩ። ቁጥር የሚፈልግ ሰው ውሃውን ላቦራቶሪ ያስለካ፤ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ በሊትር ከ180 ሚሊግራም በላይ ከሆነ «በጣም ከባድ ውሃ» ከሚባለው፣ ማዕድን ከበዛበት ውሃ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀላል ነበር። ቦይለሮቹን ከከተማው የቧንቧ መስመር ጋር አገናኘናቸው። በእሱም ላይ ሳሙናውን ሞክረን ነበር፣ በደንብ ያረፋል። ጉድጓዱ ለሽንት ቤትና ለወለል ቀረ። እስከ ጫፍ ተከፍቶ የነበረውን ቴርሞስታት (የሙቀት መቆጣጠሪያ) ወደ 60 ዲግሪ አወረድኩት። በጨው የሚታጠብ የውሃ ማለስለሻ መግጠምም ይቻላል፣ ለእሳቸው ግን ዋጋው ከበዳቸው። ካውያና ማንቆርቆሪያ ያላችሁ ግን ብዙ አትጨነቁ፦ ለካውያው የዝናብ ውሃ ይበቃዋል፣ የማንቆርቆሪያውን ነጭ ቅርፊት ደግሞ ኮምጣጤ ወይም ሎሚ በውሃ አድርጋችሁ ብታሳድሩበት ይለቃል። በረኪና ግን ከኮምጣጤ ጋር በፍጹም እንዳትቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

የልጁን ነገር ሳልጨርስ አልሄድም አልኩ። ጋሼ እዚያው ስልክ ደወሉለት፣ የያዙበትን ገንዘብ ላኩለት፣ ቀሪዎቹን ቦይለሮችም ፈትቶ እንዲያጸዳ ቀጠሩት። የወጣውን ቅርፊት በፌስታል አድርጌ ሰጥቼዋለሁ፤ ሌላ ቦታ «ፎርጅድ ገጠምክብን» የሚለው ሰው ከመጣ የሚያሳየው ነገር ይኑረው።