የስሙ ዓምድ

የ4ኛ ክፍልን የመጀመሪያ ሴሚስተር ሮስተር፣ ማለትም የተማሪዎቹን ውጤት ማጠቃለያ ሰንጠረዥ፣ ትናንት አጠናቅቄ ለአማካሪ መምህርቴ አስረከብኩ። ሁለት ጊዜ ነው የሠራሁት፤ የመጀመሪያው እንዴት እንደተበላሸ ሳይረሳኝ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ከጥቂት ወራት በኋላ ያለ አማካሪ የራሴን ክፍል እረከባለሁ።

መምህራን ትምህርት ኮሌጅ እስክገባ ድረስ ኮምፒውተር ላይ ሠርቼ አላውቅም ነበር። በላቦራቶሪው አንዱን ኮምፒውተር ለሦስት ስለምንጋራ ከመሥራት ይልቅ የሌላውን እጅ በማየት ያሳለፍኩት ሰዓት ይበዛል። በመጀመሪያ የከበደኝ አማርኛ መጻፍ ነበር። እኛ በተማርንበት ሶፍትዌር «ሉ»ን ለማግኘት አስቀድሞ የ«ል»ን ቁልፍ፣ ቀጥሎ የአናባቢውን ቁልፍ መንካት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከሰባቱ ሆሄያት መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ብቅ የሚለው ሳድሱ ነው። ፊደልን ከሕፃንነቴ ጀምሮ በቃል እያዜምኩ ስለያዝኩት፣ አንድ ፊደል በውስጡ ሁለት ድምፅ እንደያዘ ቆም ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የአንደኛ ክፍል ልጅ ገበታውን ከላይ እስከ ታች በቃሉ እየወረደው «ሉ»ን ብቻዋን ሲያያት ለምን እንደሚቸገር የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ኤክሴል የተባለው የሰንጠረዥና የስሌት ፕሮግራም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በኮሌጁ ፈተና የተጠየቅነው የሜኑዎቹን ስምና የሴልን (የሰንጠረዡን አንድ ሳጥን) ትርጉም ነበር፤ ሮስተር ግን ሠርተን አናውቅም። ይህ ትክክል አይመስለኝም። ለመምህር ኤክሴል ማለት በአብዛኛው ሮስተር ነውና በእርሱ ቢጀመር ኖሮ ብዙው ነገር ቀድሞ ይገባን ነበር።

ለተግባር ልምምድ የተመደብኩበት ክፍል 62 ልጆች አሉት። የየትምህርቱን ውጤት ከወረቀት ገልብጬ፣ የድምሩን፣ የአማካዩንና የደረጃውን ፎርሙላ ለመጀመሪያው ልጅ ጽፌ ወደ ታች ስስበው የሁሉም ውጤት በአንድ ጊዜ ተሞላ። አማካሪዬ በእጃቸው ሁለትና ሦስት ማታ የሚፈጅባቸው ሥራ በቅጽበት ሲያልቅ በማየቴ በጣም ተደሰትኩ። ቀጥሎ ስሞቹን በፊደል ተራ ለመደርደር ፈለግሁና የስሙን ዓምድ ብቻ መርጬ ሶርት የሚለውን ተጫንኩ። ኤክሴል ዝም ብሎ አልደረደረውም፤ አጠገቡ ያለው መረጃ አብሮ ይደርደር ወይስ የተመረጠው ብቻ ሲል በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። ጥያቄውን በቅጡ ሳላነብ የተመረጠው ብቻ የሚለውን ተቀበልኩ። ስሞቹ ተራ ያዙ፤ ውጤቶቹ ግን ከነበሩበት አልተንቀሳቀሱም። ፋይሉን ሴቭ አድርጌ ዘጋሁት። ድምሩ ልክ ነበር፣ አማካዩም ልክ ነበር፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ልጅ ማለት ይቻላል አጠገቡ የሌላ ልጅ ውጤት ነበር የተቀመጠው።

ያወቁት አማካሪዬ ናቸው። ያተምኩትን ወረቀት በጣታቸው እየተከተሉ ሲያነቡ ቆዩና አንድ ስም ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ልጄ፣ ይህ ልጅ እኮ ኅዳር ላይ ያቋረጠ ነው፤ ከየት መጥቶ ነው 5ኛ የወጣው?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ካርዱ ገና አልተጻፈም ነበርና እግዚአብሔር ይመስገን ለወላጅ የደረሰ ነገር የለም። ሌሊቱን ግን አንድ የደከመ ልጅ ያላመጣውን ውጤት ይዞ እየሮጠ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ስታጠና የከረመች ልጅ ደግሞ ካርዷን ደብቃ ስትገባ እየታየኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ከወረቀቱ እንደ አዲስ ጀመርኩ፤ እርሳቸው ስምና ውጤት እያነበቡልኝ እኔ መታሁ። ሌላም ስሕተት ያገኘነው በዚያው ነው። የአንዲት ልጅ ስም በአንዱ መምህር ወረቀት «ፀሐይ»፣ በሌላው «ጸሀይ» ተብሎ ተጽፏል፤ በአንዱ አጻጻፍ ስፈልግ ሌላውን አላገኘውም። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ለኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ሲካተት ድምፃቸው በአማርኛ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ጸ እና ፀ የየራሳቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ስለዚህ ለእኛ ጆሮ አንድ የሆነው ስም ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ነው። በፊደል ተራ ሲደረደርም «ሀይሉ» ከላይ፣ «ኃይሉ» ከ«ተ» በኋላ ይቀመጣል። አሁን ከስሙ በፊት የመዝገብ ቁጥር የሚል ዓምድ አስገብቻለሁ፤ ከደረደርኩ በኋላም ከየቦታው የአሥር ልጆችን ቁጥርና ውጤት ከወረቀቱ ጋር ሳላመሳክር ፋይሉን አልዘጋም።

በመጨረሻ የቀረው ያቋረጠው ልጅ መስመር ነበር። ባልተፈተነባቸው ትምህርቶች ዜሮ ሞልቼለት ስለነበር የክፍሉን አማካይ ዝቅ አደረገው፤ የአማካይ ፎርሙላው ባዶ ሴልን ይዘላል፣ ዜሮን ግን ይቆጥራል። ዜሮዎቹን አጥፍቼ ስሙንም ልሰርዝ ስል አማካሪዬ እጄን ያዙኝ። «ስሙን ተዪው፤ ቤተሰቦቹ ለአጨዳ ይዘውት ሄደው ነው፣ ሊመለስ ይችላል» አሉኝ። ስሙና የመዝገብ ቁጥሩ እንዳሉ ናቸው፤ የቀረው መስመር ባዶ ነው።