«በላ» እና «መላ»

የዓለም የመስማት ቀን በፈረንጆቹ ማርች 3 የሚከበር በመሆኑ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 24፣ በዓድዋ ማግስት ይውላል። ለበዓሉ የተከራዩት ድምፅ ማጉያዎች ገና ባልተነሡበት የትምህርት ቤት ግቢ የተማሪዎችን ጆሮ እንድመረምር የተላክኩትም በዚሁ ቀን ነበር። አስተባባሪው ስለ መስማት ችግር ግንዛቤ ለማስጨበጥ ማጉያውን እስከ ጥጉ ከፍቶ ሲናገር በስልኬ የለካሁት ድምፅ 98 ዴሲቤል ደረሰ። የዓለም ጤና ድርጅት 90 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት ከ4 ሰዓት በላይ እንዳይደመጥ እንደሚመክር ያነበበልን ግን እሱው ነው።

በሹክሹክታ ምርመራ መርማሪው ከልጁ ኋላ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ይቆምና የማይመረመረውን ጆሮ በጣቱ ደፍኖ እያሻሸ ቃላት ያንሾካሹካል። በዚያ ጫጫታ ሹክሹክታዬን የሚሰማ ስለጠፋ፣ እስከ ምሳ ሰዓት 200 ልጅ እንድጨርስ የታዘዝኩት እኔ ልጆቹን ወደ ፊቴ አዙሬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። አሁንም ሳስበው ያሳፍረኛል።

መምህሩ ቅጹ ላይ «ኮልታፋ፤ ትኩረት የለውም» ብለው የጻፉለት አንድ የ3ኛ ክፍል ልጅ ተራው ደረሰ። ጆሮውን ሳየው ኩክ እንኳ የለበትም። ቃላቱን ፈገግ እያለ መለሰልኝ፤ «በላ» ስለው «መላ» ማለቱን ግን በማጉያው አሳብቤ «ደህና» ብዬ ጻፍኩ።

የግቢው ጽዳት ሠራተኛ የሆኑ እናት መጥረጊያቸውን ተደግፈው ሲመለከቱ ቆይተው ጠጋ አሉኝ።

«ዶክተር፣ ያን ልጅ ምን አልከው?»

ዶክተር አለመሆኔን መናገሩን ትቼ፣ «ደህና ነው እናቴ፤ ይሰማል» አልኳቸው።

«እስቲ አፍህን ሸፍነህ ጠይቀው። ደወል ሲደወል እሱ እኮ የሚሮጠው ሌሎቹ ሲሮጡ አይቶ ነው።»

ልጁን ከኋላው ብጠራው አልዞረም። ሄጄ አመጣሁትና ቅጹን ከንፈሬ ላይ ከልዬ ያንኑ «በላ» ደገምኩለት። ዓይኖቹ በወረቀቱ ጠርዝ ዙሪያ አፌን ሲፈልጉ ቆዩና በትሕትና «አዎ» አለኝ። «በ» እና «መ» ከንፈር ላይ መልካቸው አንድ እንደሆነ ለጀማሪ መርማሪዎች የማስረዳው እኔው ነኝ።

በኋላ ጸጥ ባለ ክፍል በመሣሪያ ሲለካ ሁለቱም ጆሮዎቹ ከ60 ዴሲቤል በታች ያለውን አይሰሙም ነበር፤ የዕለት ተዕለት ንግግራችን ደግሞ እዚያው 60 ገደማ ነው። የሚኮላተፈውም እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉት ቀጫጭን ድምፆች ጨርሰው ስለማይደርሱት ነው።

ከእሱ በፊት ያለፉትን ልጆች እንደገና ልያቸው ብዬ ብጠይቅ አስተባባሪው ቁጥሩ ሪፖርት መደረጉን ነገረኝ። በዓመቱ ለበዓሉ የተሰቀለው ባነር ላይ ፎቶዬን አየሁት፤ እኔ አፌን ከፍቼ፣ ልጁ ከንፈሬን አተኩሮ እያየ። ከሥሩ በትልቁ «ጥራት ያለው የመስማት ምርመራ» ተብሎ ተጽፏል።