ወር ሲገባ ልጅ ዝም አይልም፦ ስለ ፅንስ እንቅስቃሴና አቀማመጥ

ወሯ ለገባ ነፍሰ ጡር ከሚሰጡ ምክሮች ሁሉ በጣም የሚያሳስበን «አይዞሽ፣ ቦታው ስለጠበበው ነው፤ ሊወለድ ሲል ዝም ይላል» የሚለው ነው። ስህተት ነው፤ እናቲቱን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ባለባት ቀን ቤት ያስቀምጣታል። የልጅ እንቅስቃሴ እስከ 32ኛው ሳምንት አካባቢ እየጨመረ ይሄድና ከዚያ በኋላ ባለበት ይዘልቃል። ምጥ እስኪጀምር፣ ከጀመረም በኋላ፣ ልጁ መንቀሳቀሱን አያቆምም። የሚለወጠው ዓይነቱ ነው። ቀድሞ ድንገተኛና ፈጣን የነበረው ርግጫ ወደ መግፋት፣ መገላበጥና መንጠራራት ያደላል፤ ሆድ በአንድ ጎን ጎበጥ ይልና ጉብታው ቀስ ብሎ ወደ ሌላው ጎን ሲያልፍ በዓይን ይታያል። ይህ ለውጥ ግን ልጁ ቀኑን ሙሉ የሚንቀሳቀስበትን መጠን አይቀንሰውም።

«በቀን ስንት ጊዜ ነው መንቀሳቀስ ያለበት?» የሚል ጥያቄ ብዙ ይመጣል። ለሁሉም ልጅ የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። መለኪያው የራሱ የልጅሽ ልማድ ነው፦ መቼ መቼ እንደሚነቃ፣ ሲነቃ ምን ያህል እንደሚበረታ። ፅንስ ይተኛል፤ እንቅልፉ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ነው፣ ከ90 ደቂቃ የሚያልፈው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ብዙዎቹ ከሰዓት በኋላና ማታ ይበረታሉ። እናት ቆማ ስትሠራ ወይም ስትራመድ ደግሞ ልጁ ቢንቀሳቀስም ላታስተውለው ትችላለች፤ ስለዚህ «ዛሬ ቀንሷል ወይስ ልብ አላልኩትም?» የሚል ጥርጣሬ ሲመጣ መጀመሪያ ሥራውን ትቶ ጋደም ማለት ነው።

ከ28ኛው ሳምንት በኋላ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ከገባሽ በግራ ጎንሽ ተኚ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፊ፣ ስልኩን አስቀምጪ፣ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርገሽ ቢበዛ ለ2 ሰዓት ያህል ተከታተይ። እያንዳንዱ ርግጫ፣ ግፊያ ወይም መገላበጥ እንደ አንድ ይቆጠራል፤ ስቅታ፣ ማለትም እኩል እየመታ ለደቂቃዎች የሚቆየው ንዝረት፣ አይቆጠርም። በ2 ሰዓት ውስጥ 10 ካልሞላ ሳትውዪ ሳታድሪ ሂጂ። 10 መሙላቱ ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይደለም። ሁልጊዜ በ20 ደቂቃ 10 የሚሞላ ልጅ ዛሬ አንድ ሰዓት ተኩል ከፈጀበት፣ ወይም ግፊያው ደከም ብሎ ከተሰማሽ፣ ልማዱ ተለውጧል፤ ለመሄድ ይህ ይበቃል። እንቅስቃሴው እንደቀነሰ ከመጀመሪያው እርግጠኛ የሆነች እናት ደግሞ ለመቁጠር ብላ 2 ሰዓት ማባከን የለባትም። ጭራሽ ካልተሰማሽም እንደዚያው፤ ሌሊትም ቢሆን ሊነጋ አይጠበቅም።

ቀዝቃዛ ውሃ መጠጣት ወይም ጣፋጭ መብላት ልጁን ቀስቅሶ ደህንነቱን ያሳያል የሚለው ምክር አስተማማኝ አይደለም፤ የሚያተርፈው መዘግየት ነው። ቤት ውስጥ የልብ ምት የሚያሰሙ አነስተኛ መሣሪያዎችም ከዚህ የባሰ ጉዳት አላቸው። ያልሠለጠነ ጆሮ የእናትየውን የደም ሥር ምት ወይም በእንግዴ ልጅ ውስጥ የሚያልፈውን የደም ድምፅ የልጁ ልብ አድርጎ ይወስደዋል። በትክክል የልጁ ልብ ቢሆንም እንኳ ልቡ በዚህች ደቂቃ መምታቱ ልጁ አልተቸገረም ማለት አይደለም።

ምክንያቱ በልጁ ሰውነት አሠራር ውስጥ ነው። እንግዴ ልጅ በቂ ኦክስጅን ማድረስ ሲያቅተው ፅንሱ ያለውን ለልቡና ለአንጎሉ ይቆጥባል፤ ከሚቀነሱት ነገሮች አንዱ የእጅና የእግር እንቅስቃሴ ነው። ልቡ ገና እየመታ እንቅስቃሴው የሚደክመው ለዚህ ነው፣ እናትም ቤት ውስጥ የልብ ምት ከሚያሰማ መሣሪያ ቀድማ ልታውቀው የምትችለው ለዚህ ነው።

እንቅስቃሴን የሚሸፍኑ ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። እንግዴ ልጅ በማህፀን የፊት ግድግዳ ላይ ሲሆን ርግጫውን ያለዝበዋል፤ የልጁ ጀርባ ወደ እናት ሆድ ፊት ለፊት ሲዞር ደግሞ እግሩ ወደ ውስጥ ስለሚመታ ብዙም አይሰማም። የሽርት ውሃ መብዛትም እንዲሁ ያደርጋል። እነዚህ ግን እንቅስቃሴው ከመጀመሪያው ለምን ለስለስ እንዳለ ያስረዳሉ እንጂ ትናንት ጥሩ የነበረው ዛሬ ለምን እንደወረደ አያስረዱም። «እንግዴ ልጅሽ ከፊት ነው» የተባለች እናት ይህን ሰምታ እንዳትዘናጋ አደራ እንላለን። ለልጁ ሳንባ ማጎልመሻ የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ እንቅስቃሴን ለጊዜው ሊቀንስ ይችላል፤ መርፌውን የወሰደች ሴትም ቢሆን መቀነሱን መናገር አለባት።

ጤና ተቋም ስትደርሺ የደም ግፊትሽ ይለካል፣ ሽንትሽ ይመረመራል፣ የሆድሽ ቁመት በሜትር ይለካል። ከዚያ ሁለት ቀበቶ ሆድሽ ላይ ይታሰራል፤ አንዱ የልጁን የልብ ምት፣ ሌላው የማህፀንን መኮማተር ይመዘግባል። ቢያንስ 20 ደቂቃ ይፈጃል፣ ልጁ ተኝቶ ከሆነ ደግሞ ይራዘማል። የሚፈለገው በደቂቃ ከ110 እስከ 160 የሆነ ምት፣ ልጁ ሲንቀሳቀስም ከፍ የሚል ነው። እንደ ሁኔታው በአልትራሳውንድ የልጁ እድገት፣ የሽርት ውሃው መጠንና በእትብት ውስጥ ያለው የደም ዝውውር ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ደህና ሆኖ ይገኝና ወደ ቤት ትመለሺያለሽ። በማግስቱ እንደገና ከቀነሰ ግን እንደገና መሄድ ነው። የትናንቱ ጥሩ ውጤት ለዛሬ አይሠራም፤ እየተደጋገመ የሚቀንስ እንቅስቃሴ ደግሞ ከአንድ ጊዜው የበለጠ ክትትል ይፈልጋል።

ልጁ ብርቱ መሆኑ በራሱ አያሳስብም። ነገር ግን ከልማዱ ውጭ በድንገት በኃይል ተወራጭቶ ከዚያ ጸጥ ካለ፣ ይህም የሚያስኬድ ምልክት ነው።

አሁን ወደ አቀማመጡ። በ28ኛው ሳምንት ከአራት ወይም ከአምስት ልጆች አንዱ ገና በመቀመጫው ነው፣ ማለትም ጭንቅላቱ ወደ ላይ፣ መቀመጫው ወደ ታች ነው፤ ወሩ ሲገባ ግን ከመቶ 3 ወይም 4 ብቻ እንዲህ ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ በ30ኛው ሳምንት «ልጁ አልዞረም» ተብሎ መጨነቅ ጊዜው ገና ነው። ከ36ኛው ሳምንት ጀምሮ ግን በእርግጠኝነት መታወቅ አለበት።

ጭንቅላቱ ወደ ታች ከሆነ ርግጫው ከጎድን አጥንትሽ ሥር፣ ስቅታው ደግሞ ከእምብርትሽ በታች ይሰማሻል። በመቀመጫው ከሆነ ርግጫው ወደ ሽንት ፊኛሽ ይወርዳል፤ ከጎድንሽ ሥርም ጠንካራና ክብ ነገር ትዳስሻለሽ፣ በጣት ገፋ ሲያደርጉት ሌላው አካል ሳይከተለው ለብቻው ንቅንቅ ይላል። ይህ ጭንቅላቱ ነው። አግድም ከተኛ ሆድ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ርግጫውም በአንድ ጎን ይበዛል። ልምድ ያላት አዋላጅ እጅም ይሳሳታል፤ ቁርጡን የሚናገረው አልትራሳውንድ ነው።

በመቀመጫው ለሆነ ልጅ ሐኪም በሆድ ላይ በእጁ እየገፋ ሊያዞረው ይችላል፤ ለመጀመሪያ ልጅ ከ36ኛው፣ ለቀጣዮቹ ከ37ኛው ሳምንት ጀምሮ። በአማካይ ግማሽ ያህሉ ይሳካል፣ ቀድሞ ለወለደች ይበልጥ ይቀናል። ማህፀንን የሚያላላ መድኃኒት ይሰጣል፣ የልጁ ልብ ከማዞሩ በፊትም በኋላም ይታያል፣ የእናትየው የደም ዓይነት አርኤች ኔጋቲቭ (እንደ ኦ ኔጋቲቭ ያለ) ከሆነ ሰውነቷ የልጁን ደም እንዳይዋጋ የሚከላከል የአንቲ ዲ መርፌ ያስፈልጋታል። አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ከ200 አንድ ጊዜ ገደማ ነው፤ ማዞሩ የሚሠራውም ለዚህ ሲባል ቀዶ ሕክምና ባለበት ቦታ ብቻ ነው። ያልሠለጠነ ሰው ሆድ አሽቶ «ላዙርልሽ» ቢል እሺ አትበይ፤ እንግዴ ልጅ ከማህፀን ግድግዳ ሊላቀቅ ይችላል። ተንበርክኮ ደረትን ወደ መሬት፣ ዳሌን ወደ ላይ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም፤ ልጅ ያዞራል የሚል በቂ ማስረጃ ግን የለውም።

አግድም የተኛ ወይም እግሩን ያስቀደመ ልጅ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሽርት ውሃ ሲፈስ የማህፀንን በር የሚዘጋ ጭንቅላት ስለሌለ እትብቱ ቀድሞ ሊወጣ ይችላል፣ እትብቱ ከተጨመቀም ወደ ልጁ የሚሄደው ደም ይቋረጣል። ውሃው ከፈሰሰና እንደ ገመድ ያለ ነገር ከወጣ ወይም ከተሰማሽ አምቡላንስ ይጠራ፤ እስኪደርስ ተንበርክከሽ ደረትሽን መሬት አስነኪ፣ ዳሌሽን ከፍ አድርጊ። እትብቱን ወደ ውስጥ ለመመለስ አትሞክሪ፣ ብዙም አትነካኪው።

አቀማመጥ ለእንቅስቃሴ መቀነስ ሰበብ አይሆንም። በመቀመጫው ያለ ልጅም ይንቀሳቀሳል። ጭንቅላቱ ዳሌ ውስጥ ሲገባ ትንፋሽ ይቀልልሻል፣ ሽንት ይበዛብሻል፣ ግፊያውም ዝቅ ብሎ ይሰማሻል፤ ብዛቱ ግን እንደነበረ ነው። ከ28ኛው ሳምንት ወዲህ በጎን መተኛትም ልማድ ይሁን፤ ግራም ቀኝም ይሆናል። በጀርባሽ ሆነሽ ከነቃሽ ሳትደነግጪ ዞር ብለሽ መተኛት ነው።

ስትደውዪ ወይም ስትደርሺ «ትንሽ የቀነሰ መሰለኝ» ብለሽ አታለዝቢው። ስንተኛ ሳምንት እንደሆንሽ፣ ልማዱ ምን እንደነበር፣ ለመጨረሻ ጊዜ በደንብ የተሰማሽ በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ደም ወይም ውሃ እንዳየሽ በግልጽ ተናገሪ። «ነገ ነይ» ከተባልሽ «ዛሬ ይታይልኝ» በይ።