የአቼቶ ሽታ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ከጤና ጣቢያ ከተመለስኩ ሦስት ሰዓት አልፏል፤ ልብሴ ግን አሁንም አቼቶ አቼቶ የሚሸት ይመስለኛል። የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ የሚሠራው የአቼቶ ዘመድ በሆነ ፈሳሽ ነው። ባለሙያዋ የተበረዘ አሴቲክ አሲድ በጥጥ ነክራ የማኅፀኑን በር ትቀባና አንድ ደቂቃ ትጠብቃለች። ጤነኛው ቦታ እንደነበረ ይቆያል፣ መለወጥ የጀመረ ካለ ይነጣል። ያቺን ደቂቃ ጣሪያው ላይ ያለውን የውሃ ጠብታ እድፍ እያየሁ አሳለፍኳት። "ደህና ነሽ፣ ተነሽ" አለችኝ።

ለዚህች አንዲት ደቂቃ ሰባት ዓመት ሸሽቻለሁ። ሰባት መሆኑን የማውቀው በውሸቴ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው የኤች ፒ ቪ ክትባት በየትምህርት ቤቱ መሰጠት ሲጀምር፣ በእኛ ትምህርት ቤት የልጃገረዶቹን ስም የመመዝገብ ሥራ የተሰጠው ለእኔ ነበር። ክትባቱ በዓለም ላይ እጥረት ስለነበረበት ያኔ የተሰጠው ለ14 ዓመት ልጆች ብቻ ነው፤ ሁለት ጊዜ፣ በስድስት ወር ልዩነት። (አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ሆኗል፤ ለእኛ ለመዝጋቢዎቹም እፎይታ ነው።) ልጆቹን ያመክናል የሚል ወሬ ቀድሞን ሰፈሩን ሞልቶት ስለነበር ወላጅ በወላጅ ላይ እየተደራረበ ይመጣ ነበር። አንድ አባትን ቢሮ አስቀምጬ አስረዳሁ፦ በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ መሆኑን፣ ክትባቱ የሚጠቅመው ቫይረሱ ሳይቀድም ቢሰጥ መሆኑን፣ መውለድን እንደማይነካ። ሰውየው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ "እርስዎስ መምህርት፣ ተመርምረዋል?" አለኝ።

"እንዴታ!" አልኩት።

ልጁን አስከተበ። እኔ 36 ዓመቴ ነበር፤ በአገራችን ሴቶች እንዲመረመሩ ከሚመከርበት ከ30 እስከ 49 ካለው ዕድሜ መካከል።

ከዚያ የአክስቴ ነገር መጣ። የወር አበባዋ ከቆመ ከዓመታት በኋላ ደም አየች። የመጀመሪያው ክሊኒክ ኢንፌክሽን ነው ብሎ መድኃኒት ሰጣት፤ ሲመለስባት ያንኑ ደገመላት። ከዚያ ጠበል ገባች። ጠበሉን አልነቅፍም፣ እኔም እጠመቃለሁ፤ የሚያንገበግበኝ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ነው። ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ ዓመት ከመንፈቅ አልፎ ነበር። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ዛሬ በጅማና በሐረርም ተጀምሯል፣ ለአክስቴ ግን መንገዱ ያው ወደ አዲስ አበባ ነበር። ጨረሩ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለአምስት ሳምንት ነው። ራሱ ሕክምናው ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው፤ ቀሪውን ቀንና ሌሊት የት ይታደራል? አክስቴ እኔ ነበርኳት። በወረፋ የተዋወቀቻት የባሌ ሴት ግን ማንም አልነበራትም፣ የምታድረው በረንዳ ላይ ነበር። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ እንዳለው የነገረቻት ሌላ ታካሚ ናት። ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች በ1996 ዓ.ም. ያቋቋሙት ማኅበር ነው። አክስቴ ይህን ስትሰማ፣ "ሰው ልጁን ቀብሮ ለባዕድ አልጋ ያነጥፋል?" ብላ ብዙ ዝም አለች።

አምና በሰኔ ቀበርናት። እድራችን ባንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን ተከለ፣ ወንበር ደረደረ፣ ንፍሮ ቀቀለ። ለቀስተኛው ምን አገኛት ሲል "ሆዷን አሟት ነው" አልን። ሁላችንም፣ ሳንመካከር።

ቫይረሱ ከገባ ጀምሮ ካንሰር እስኪያመጣ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። ይህን ካወቅኩ ጀምሮ ቀን መቁጠር አመል ሆኖብኛል። አክስቴ 58 ዓመቷ ነበር፤ ወደ ኋላ ስቆጥር 40 ገደማ ላይ እደርሳለሁ። ያኔ በእርሷ አገር ምርመራውን በስም የሚያውቅ አልነበረም። እኔስ? ጤና ጣቢያው ከቤቴ የሁለት ፌርማታ መንገድ ነው።

ታዲያ ዛሬ ምን ወሰደኝ? ፖስተር አይደለም፤ ራሴ ስንቱን ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ። ባለፈው እሁድ በእድራችን ስብሰባ መዋጮ ተሰብስቦ ሲያልቅ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ተነሣች። "ማኅፀን" የሚለው ቃል ሲወጣ ወንዶቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጉንፋን የያዛቸው ይመስል ሳል በሳል ሆኑ። ልጅቷ ግን ንግግር አላበዛችም፦ "ረቡዕ፣ ሁለት ሰዓት ላይ፣ እዚህ በር ላይ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ።" ቀን ቆረጠች። የጥሩንባ ነፊያችን ባለቤት፣ ከ70 የማያንሱ እናት፣ "እኔ አለሁ" አሉ። ዕድሜያቸው እንዳለፈ ብትነግራቸው፣ "ላጅባችሁ ነው፣ እናንተ ብቻችሁን ፈሪዎች ናችሁ" አሉ።

አሥራ አንድ ሆነን ሄድን። አንዷ ነጣባት። እዚያው በሙቀት ታከመች፤ ደቂቃ እንኳ በቅጡ አልሞላም አለችን፣ የወር አበባ ቁርጠት ያህል ነው። ያስጨነቃት ለአንድ ወር ከባሏ ጋር እንዳትተኛ መባሏ ነበር። ምን ልበለው ብላ ስትጨነቅ እኚያው እናት፣ "ጾመ ነቢያት ሊገባ ሃያ ቀን አልቀረውም፣ ዘንድሮ ቀደም ብዬ ያዝኩ በይው" አሏት። ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ እንደዚያ የሳቅነው ሳቅ ነርሶቹን አስወጣቸው።

ማታ የሚኒባሱን ደረሰኝ ይዤ ወደ እድሩ ጸሐፊ ሄድኩ። ገንዘቡን ሊከፍለኝ ፈቃደኛ ነው፣ ግን መዝገቡን እያገላበጠ ተቸገረ፦ ድንኳን፣ ወንበር፣ ንፍሮ፣ ለሐዘንተኛ። መኪና የሚል ዓምድ ያለው "አስክሬን ማመላለሻ" ላይ ብቻ ነው። እዚያ ልጻፈው ብሎ ብዕሩን ሲያነሣ ከኋላዬ የነበሩት እናት፣ "እኔን በቁሜ እዚያ አትጻፈኝ!" ብለው ጮኹበት። ልጁን ማስመሪያ እንዲያመጣ ላከውና ከዳር አዲስ ዓምድ አሰመረ። ምን ብሎ እንደሚሰይመው ገና አልወሰነም።