ለቅዳሜው ፈረሶች

ቅዳሜ የዱባይ ዓለም ዋንጫ ይካሄዳል፤ የኳሱ ሳይሆን የፈረሱ። እዚህ ሐረር፣ በእኛ ሰፈር፣ ቀኑን በጉጉት የምንጠብቀው እኔና ጎረቤታችን ጋሼ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ጋሼ ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ ጋሪ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። የዓረብኛውን ጣቢያ ከፍቼ ሳስጠራቸው ምርኩዛቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሪሞቱን ከእጄ የሚነጥቀኝ የለም።

ወንድሜ ነገሩ አይገባውም። «ስንት አስይዘሽ ነው እንዲህ የሚያደርግሽ?» ይለኛል። ምንም አላስያዝኩም ስለው ያዝንልኛል። ለእርሱ የማያስይዙበት ውድድር ጨው የሌለው ወጥ ነው። ዱባይ ላይ እንደ እንግሊዝ አገር ከሜዳው ዳር ቆሞ ውርርድ የሚቀበል ሰው እንደሌለ፣ ተመልካቹም በነጻ ገምቶ ብቻ ሽልማት እንደሚጠብቅ ብነግረው አላመነኝም። «12 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ላለው ሩጫ?» አለ። አዎ፣ ለዚያው።

እውነቱን ለመናገር፣ ገንዘብ ያስያዘ ሰው የሚጠብቀው መጨረሻውን ነው። እኔን የሚይዘኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። በሳምንቱ አጋማሽ የመነሻ በሮቹ ዕጣ ሲወጣ የእኔ በዓል ይጀምራል። የውጭ በር የደረሰው ፈረስ በመታጠፊያው ላይ ረጅሙን መንገድ ይዞራል፤ የውስጥ በር የደረሰው ደግሞ ፈጥኖ ካልወጣ ከፊቱ ያሉት የሚረጩትን አሸዋ ሲጠጣ ይውላል። ይህን እያወጣሁና እያወረድኩ ስንት ሽሮ አሳርሬአለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፈረሶቹ ከሩጫው በፊት በክቡ ዙሪያ ሲመላለሱ ማየት አለ። ጆሮውን ወደ ፊት አቁሞ፣ አንገቱን ለቀቅ አድርጎ፣ በሰፊው የሚራመድ ፈረስ ዓይን ይስባል። ገና ሳይሮጥ በኋላ ጭኖቹ መካከል ነጭ አረፋ የሠራበትም አለ። ጋሼ ያን ሲያዩ ወዲያው ይፈርዳሉ፤ «ይሄስ ጉልበቱን እዚሁ ጨረሰ፣ ተይው ልጄ» ይላሉ። ከዋናው ውድድር ይልቅ የሚወዱት ንጹሕ የዓረብ ዝርያ ፈረሶች የሚሮጡበትን የካሃይላ ክላሲክን ነው። ፈረሶቹ ጅራታቸውን ሽቅብ ነስንሰው ሲወጡ ጋሼ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። ዋናው ውድድር የሚካሄደው ከመሸ በኋላ ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ አንዳንዴ እንቅልፍ ይጥላቸዋል።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 የተደረገውን ግን ማንም ተኝቶ ሊያሳልፈው አይገባም ነበር። ሜዳው ዝናብ ጠግቦ ነበር። አሮጌይት የሚባለው ግራጫው የአሜሪካ ፈረስ በሩ ሲከፈት ግራና ቀኝ ያሉት አጣበቡበትና ከሁሉም ኋላ ቀረ። 2000 ሜትር ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ለማዘን እንኳ ጊዜ የለም። ጋላቢዎች መነጽር ደራርበው የሚያደርጉት ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው፤ የላይኛው በጭቃ ሲሸፈን ወደ አገጫቸው ይስቡትና በሥሩ ባለው ያያሉ። የአሮጌይት ጋላቢ ማይክ ስሚዝ አልተጣደፈም። በውጭ በኩል አንዱን አለፈ፣ ሌላውን አለፈ፣ በመጨረሻው ቀጥተኛ መንገድ ላይ ጋን ረነር የተባለው ፈረስ ላይ ደረሰበት፤ ከዚያም ጥሎት ሄደ። ያንን ሩጫ ስንት ጊዜ ደግሜ እንዳየሁት አልናገርም።

ከዚያ ተነሥቶ ሕግ ማውጣት ግን አይቻልም። በ2023 የጃፓኑ ኡሽባ ቴሶሮ ከኋላ ተነሥቶ አሸነፈ። በዓመቱ ላውረል ሪቨር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እየመራ ያንኑ ኡሽባ ቴሶሮን በሩቁ ጥሎት ገባ። በ2025 ሰው ሁሉ ፎርኤቨር ያንግን ሲጠብቅ ማንም ያልጠረጠረው ሂት ሾው ቀደመ። ሁለት ጊዜ በማሸነፍ ተንደር ስኖው በ2018 እና በ2019 ያደረገውን የደገመ የለም። ወንድሜ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ምኑን ታውቂበታለሽ?» አለኝ። እኔስ ዐውቃለሁ መቼ አልኩ?

ትናንት ፈረስ መጋላ አደባባይን ሳቋርጥ ባጃጁ፣ አሮጌው ፔጆ ታክሲና የሸቀጥ ተሸካሚው ተጨናንቀው መንገድ አጣሁ። በስሙ ያለው ፈረስ በቦታው የለም። የዚህ አገር ገዢዎች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ እንደነበር አስታወስኩ፤ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ከእርሳቸው በኋላ ሐረርን የገዙት ደጃዝማች ባልቻም አባ ነፍሶ። ወደ ኮሪያ የዘመተው ሻለቃ ጦር እንኳ ቃኘው የተባለው በዚያ ስም ነው። ሠንጋ ፈረስ ከእኛ ዘንድ እንዲህ የከበረ ሆኖ ሳለ፣ እኔ ለፈረስ ስል ባሕር ማዶ ማየቴ አንዳንዴ ይቆጨኛል።

እኅቴ ዱባይ ከገባች ዓመታት አልፈዋል፤ ሜዳን የሚባለውን የውድድር ሥፍራ ግን በመኪና ከማለፍ በቀር አታውቀውም። ዘንድሮ ከጓደኞቿ ጋር ልትሄድ ነው። ባርኔጣ ልግዛ ወይስ ነጠላ ልልበስ እያለች በስልክ ታስጨንቀኛለች፤ እዚያ ለአለባበስም ውድድር አለና። የወደድሽውን ልበሺ፣ ፈረሶቹ በሚመላለሱበት አጥር ጥግ ቁሚልኝና ላብ የሠራው የትኛው እንደሆነ ንገሪኝ አልኳት። «አጠገባቸው ከሄድኩ ይራገጣሉ?» አለችኝ።