ከኋላ ያለው ይጠብቅ

ቲኬቱ የመጣው በኔ ስም ነው። ስትነዳ የነበረችው ግን መንዳት እየተለማመደች ያለችው እማዬ ናት። እዚህ ሜሪላንድ የፍጥነት ካሜራ ቅጣት የሚላከው ለመኪናው ባለቤት ነው። መንጃ ፈቃድ ላይ ነጥብ አያስይዝም፣ ኢንሹራንስም አያስጨምርም፣ 40 ዶላሩን ከፍሎ መገላገል ነው። ይህን ለእማዬ ማስረዳት ግን አንድ ሙሉ ምሽት ፈጀ።

ፖስታውን ከሳጥኑ ያወጣችው እሷ ናት። ከሥራ ስገባ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ መነጽሯን አድርጋ ፎቶውን እያየች ጠበቀችኝ። የመኪናችን ጀርባ ነው። ታርጋው ለብቻው ጎላ ብሎ ወጥቷል። ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ መንገዱ አለ፣ ከዚያ 37 የሚል ቁጥር። «ልጄ፣ ፍርድ ቤት ልቀርብ ነው?» አለችኝ። መልሴን ሳትሰማ ዋናው ጥያቄዋ ተከተለ። «ግሪን ካርዴን ይነካብኛል?»

ይሄ ጥያቄ እዚህ አገር ያሉ የስንት እናቶች ሆድ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ከመንግሥት የመጣ ወረቀት ሲያዩ መጀመሪያ የሚመጣባቸው እሱ ነው። የዜግነት ማመልከቻው ስለ ቅጣት እንደሚጠይቅ ከሰው ሰምታለች፣ እውነትም ይጠይቃል። ግን ከ500 ዶላር በታች የሆነ ተራ የትራፊክ ቅጣት፣ እስር ከሌለበት፣ መጠጥና ዕፅም ከሌለበት፣ ማስረጃ አምጡ እንኳ አይሉም። መመሪያውን ስልኬ ላይ አውጥቼ ቀስ እያልኩ ተረጎምኩላት። በዚያ ላይ ይሄኛው በሷ ስም አይደለም። «እርግጠኛ ነሽ?» አለች። እርግጠኛ ነኝ እማዬ። ትንሽ ቆይታ ደግማ ጠየቀችኝ። ደግሜ ነገርኳት።

የሆነው እንዲህ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ቤት እየተመለስን ነበር። ትምህርት ቤት ያለበት ቁልቁለት ነው፣ የተፈቀደው 25 ማይል። እማዬ ሁልጊዜም ወደ መኪናው ስትገባ ነጠላዋን አጣጥፋ ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች፣ መሪውን በሁለት እጇ ትይዛለች፣ ስትጨነቅ አውራ ጣቷ የመሪውን ስፌት ይፈትጋል። ከኋላችን አንድ ትልቅ ፒክአፕ ተጠጋ። መብራቱ ስፖኪዮውን ሞላው። ክላክስ አደረገ። እንደገና አደረገ፣ አሁን ረዘም አድርጎ። አውራ ጣቷ መፈተግ ጀመረ። «ሰውየውን አስቸገርኩት» አለችና ነዳጁን ረገጠች። «እማዬ ቀስ በይ፣ አትስሚው» እያልኳት ቁልቁለቱም ገፋን። ካሜራው የሚቀጣው ከተፈቀደው 12 ማይልና ከዚያ በላይ ያለፈን ነው። እኛ ልክ 12 ነበርን።

እማዬ ፍጥነት የምትወድ ሰው አይደለችም። ሰው ማስቸገር የማትወድ ሰው ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ቦታ ስትለቅ ነው የኖረችው። እንግዳ ከመጣ ከሁሉ መጨረሻ የምትበላው እሷ ናት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ደክሟት እንኳ ከሆነ «አንቺ ግቢ፣ እኔ አልቸኩልም» የምትል ናት። እንዲህ ያለ ሰው ከኋላው ክላክስ ሲጮህበት ምን እንደሚሰማው የሚያስጮኸው ሰውዬ አያውቅም። ማወቅ ነበረበት እላለሁ። መኪናው ላይ ለማጅ የሚል አልተለጠፈም፣ እሺ። ግን ትምህርት ቤት በር ላይ 25 እየነዳ ያለ ሰው ምን አጠፋ? ስለዚያ ሰውዬ ሳስብ አሁንም ያናድደኛል። ቲኬቱ ለኛ መጣ፣ እሱ የሚቀጥለው መብራት ላይ ዞሮ ሄደ።

ሌላው ያታለላት ቁጥሩ ነው። እማዬ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ኪሎ ሜትር ነው። 37 ሲባል «ምን አላት?» ነው ያለችው። 37 ማይል በኛ ወደ 60 ኪሎ ሜትር፣ 25ቱ ደግሞ 40 መሆኑን ስነግራት አፏን በእጇ ያዘች። «በትምህርት ቤት በር? ስልሳ? ልጅ ቢገባብኝስ?» ከዚያ በኋላ ስለ ገንዘቡም ስለ ግሪን ካርዱም መጠየቅ አቆመች። ይሄ ግን አልለቀቃትም፣ ሌሊቱን ስትገላበጥ ሰማኋት።

ጠዋት ላይ «መንዳቱ ይቅርብኝ» አለች። የፈራሁት ይሄንን ነበር።

እማዬ አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ቮልስዋገን ሲነዳ ቀኝ ወንበር ላይ ዓመታት ተቀምጣለች። ሞተሩ ሲታመም ከሱ ቀድማ በድምፁ ታውቅ ነበር። መሪውን ግን አንድ ቀን አልያዘችም፣ ልያዝ ብላም አታውቅም፣ ማንም ያዢ አላላትም። ትራፊክ ፊሽካ ሲነፋ አባቴ ወርዶ ሲለማመጥ፣ ታርጋ ሲፈታበት፣ እሷ ከውስጥ ሆና ትጸልያለች። ለሷ የመኪና ቅጣት ማለት እሱ ነው፣ ውርደት ነው። እዚህ መጥታ ደግሞ እሑድ ለቅዳሴ ሌሊት መውጣት ትፈልጋለች፣ በዚያ ሰዓት አውቶቡስ የለም፣ ስለዚህ ወይ እኔን ከሌሊት ሥራ እስክገባ ትጠብቃለች፣ ወይ አንዷን የሰንበቴ ጓደኛዋን ውሰጂኝ ማለት አለባት። ማለት አትወድም። ስንት እሑድ ለብሳ ጨርሳ፣ ስልኩን ይዛ፣ ሳትደውል ቤት እንደቀረች እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ ይቅርብኝ ስትለኝ ዝም ብዬ አላለፍኩትም። «እማዬ፣ 40 ዶላር ነው ከቤት የሚያስቀርሽ?» አልኳት። ቆጣ ብዬ ነው ያልኳት። እሷም ተቆጣች። ጥሩ ሆነ።

ማታ ላይ ሁለት ሃያ ዶላር አምጥታ ሰጠችኝ። አልቀበልም አልኩ። የሥራ ልብሴ ኪስ ውስጥ ከተተችው። መለስኩላት፣ አሁንም ከተተችው። ከዚያ ገባኝ፤ ዕዳው ካልተከፈለ ለሷ ነገሩ አያልቅም። ተቀበልኳት። ቁጭ ብለን አብረን በኢንተርኔት ከፈልን፣ ደረሰኙን አትሜ ሰጠኋት፣ አጣጥፋ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስገባችው።

ቅዳሜ ወጣን። ያቺኑ ቁልቁለት ራሷ መረጠች። እኔ ሌላ መንገድ አስቤ ነበር። ላዩ ላይ ስንደርስ እግሯን ከነዳጁ አነሳች፣ ፍሬኑን ነካ ነካ አደረገች፣ 24። ከኋላ አንድ መኪና መጣ። ስፖኪዮውን አየችው፣ ከዚያ ዓይኗን ወደ ፊት መለሰች፣ «ይጠብቅ» አለች። ለኔ አይደለም የተናገረችው። ሰውየው ክላክስ አላደረገም፣ ቢያደርግም የምትሰማ አልመሰለኝም። ከትምህርት ቤቱ አለፍ ብሎ ቦታ ስታገኝ ፍሬቻ አሳይታ ወደ ቀኝ ወጥታ አሳለፈችው። ይሄን ማንም አላስተማራትም። የማሰልጠኛው 30 ሰዓት ክፍልም ውስጥ፣ ከአስተማሪው ጋር በነዳችው 6 ሰዓትም፣ እንዲህ አድርጊ ያላት የለም። ሰውን አለማስቸገርና ሕግን አለማፍረስ አብረው የሚሄዱበትን መንገድ ራሷ አገኘችው።

አሁን ደንቡን ሁሉ ትከታተላለች። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ቀይ መብራቱን ሲያበራ ከሩቅ ቆማ ትጠብቃለች፣ መሀሉ ከፋይ ከሌለው ከፊት ለፊት የሚመጣውም መቆም እንዳለበት፣ የዚያ ካሜራ ቅጣት እዚህ ሞንትጎመሪ ካውንቲ 250 ዶላር እንደሆነ ለሰንበቴ ጓደኞቿ ሁሉ ነግራለች። ፓራለል ፓርኪንግ፣ መንገድ ዳር በሁለት መኪና መካከል ማቆም ማለት ነው፣ ከመንጃ ፈቃድ ፈተናው ከ2015 (በፈረንጆች) ጀምሮ መውጣቱን ስነግራት ደስ ብሏት እልል አለች። ከ25 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ፐርሚት፣ የለማጅ ፈቃዱን፣ ይዞ መቆያው 45 ቀን ነው፣ እሱን ጨርሳለች። ከሰው ጋር መለማመድ ያለባት 14 ሰዓትም አልፏል፣ የማታውም ጭምር።

የቀረን ክርክር 495 ነው፣ ዋሽንግተንን የሚዞረው ሀይዌይ። እሷ ከፈተናው በፊት ሀይዌዩን ልንዳው ትላለች፣ እኔ ፈተናውን እለፊና እንወጣለን እላለሁ። ትናንት «እሑድ ጠዋት መኪና የለበትም፣ እሑድ እንውጣ» አለችኝ። እሺ አላልኳትም። እምቢም አላልኩም።